ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሐኪም

ሐኪም ላኩልን ብለን ጉሮሯችን እስኪነቃ ስንጮህ ኖረን፣ የጤና ቢሮው ኃላፊ ኢንተርኔት ይዞልን ከተፍ አለ። "ከእንግዲህ ሐኪሙ በስክሪን ይመጣላችኋል፤ ርቀት የሚባል ነገር ቀረ" አለን። ለምርቃቱ ካሜራ ፊት የሚታከም ሰው ሲፈለግ፣ ሆዷን ሲቆርጣት የከረመችው አክስቴ ተመረጠች። እኔም ደግፌ ወስጄ ጤና ጣቢያው ውስጥ ስክሪኑ ፊት አስቀመጥኳት።

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሐኪም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። "እማማ፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?" ብሎ ሳይጨርስ አስነጠሰው። ማስነጠሱ መጀመሪያ ከጎናችን ካለው የመድኃኒት ክፍል ተሰማ፤ ከዚያ በስክሪኑ መጣ።

አክስቴ ወደ ግድግዳው ዞረች። ቴክኒሻኑ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ "መስመሩ ከከተማ አልሠራ ሲለን ሐኪሙን በመኪና አመጣነው። ዝም በይ" አለኝ።

"እዚህ ካለማ ይምጣና ሆዴን ይዳስሰኝ" አለች አክስቴ።

"እናቴ፣ ፕሮግራሙን አያበላሹብን" አለ ኃላፊው፣ ለካሜራው ጥርሱን እያሳየ።

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሁለት ጊዜ ተሰማ። "እማማ፣ የእርስዎ ሕመም በስክሪን የሚሆን አይደለም። ሐኪም ፈልገው በአካል ይታዩ።"

ቤቱ በጭብጨባ ቀለጠ። አክስቴ ምርኩዟን ይዛ ተነሳችና ሄዳ የመድኃኒት ክፍሉን በር አንኳኳች።

"ማንም የለም" አለ ድምፁ ከውስጥ።

ስክሪኑም ትንሽ ቆየት ብሎ፣ "ማንም የለም" አለ።