ሬዲዮናችን ያልተናገረችው

«የሟች ቃል ይከበራል» አለች የሟች ወዳጅ ባለ ዳቦዋ፣ የሻይ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ እንደያዘች። «ሬዲዮናችን በሕይወት ሳለች ምን እንዳለችን ሁላችንም እናውቃለን። የሷም ልጅ አትወጋም፣ የኔም አትወጋም።»

ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ወንበሮቹ ከየጎረቤቱ የተለቃቀሙ ናቸውና ግማሹ ሰው ከፍ፣ ግማሹ ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ሐዘን ቤት ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚወራው፤ ሁሉም በሹክሹክታ ሲያወራ ግን ሹክሹክታውም ገበያ ይሆናል።

ነገሩን ያነሳችው መምህርቷ ናት። የሟችን ልጅ ታስተምራለች። ለቅሶ ልትደርስ መጥታ፣ ሻይዋን ጠጥታ ልትነሳ ስትል፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ለአንድ አፍታ እንኳ ትምህርት ቤት ብቅ ብትል ጥሩ ነው አለች። የጤና ባለሙያዎች መጥተው የክፍሉን ሴቶች ልጆች የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ሊከትቡ ነው። ወላጅ እሺ ያላለላት ልጅ ግን አትከተብም።

«ልጄን አፈር ካለበስኳት ገና ስንት ቀኔ ነው?» አሉ የሟች እናት። «የልጅ ልጄን ለመርፌ አልሰጥም። እናቷ አይሆንም እንዳለች ነው የሞተችው።»

ባልየው ፔርሙዝ ይዞ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ብዙ አይናገርም፤ ድሮም በዚህ ቤት የመናገር ሥራ የሱ አልነበረም። ወደ ልጁ ተመለከተ። አያቷ ጎን አንገቷን ደፍታ ከጥቁር ቀሚሷ ጫፍ ክር ትጎትታለች። ቁመቷ እናቷን ሊያክል ትንሽ ነበር የቀረው።

ሟች ፀጉር ሠሪ ነበረች። ከመንገዱ በአንዲት ደረጃ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ወንበር ብቻ የምትችል ቤት ነበረቻት። ማድረቂያው ሥር የተቀመጠች ሴት ጆሮዋ ስለሚደፈን ትጮሃለች፤ ለፀጉር ሠሪዋ ብቻ ያወራች እየመሰላት ምስጢሯን ለመንገደኛው ሁሉ ታድላለች። ሟች የሰማችውን ትይዛለች፣ ትንሽ ጨው ትጨምርበታለች፣ ለሚቀጥለው ራስ ታስተላልፋለች። ሬዲዮ የሚለው ስም የወጣላት በዚህ ነው። ሰው የሚያዋርድ ወሬ ግን ከአፏ አይወጣም። ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች፣ የማን ቤት ዱቄት እንዳለቀ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት፣ ቀድማ የምትደርሰውም እሷው። ሰው የሚያምናት ለዚህ ነበር።

ክትባቱ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ የመጣ ሰሞን አንዲት ደንበኛ፣ መርፌው ሴት ልጅን መካን ያደርጋል የሚል ወሬ ይዛ መጣች። ሬዲዮ አመነች። የራሷ ልጅ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ናት፤ ለሰው ልጆች አዘነች። «እኔ ብሆን አላስወጋም» አለች፣ ማበጠሪያዋን እንደያዘች። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። በክትባቱ ዕለት የስንቱ ቤት ልጅ ራሷን አመማት። የባለ ዳቦዋ ትልቋ ልጅ ደግሞ ሆዷን።

ከዓመታት በኋላ ጊዜውን ያልጠበቀ ደም ሲመጣባት፣ ሬዲዮ ስለ ራሷ ምንም አላወራችም። የዕድሜ ነው ብላ ቆየች። ባሏ ጎትቶ ሐኪም ቤት ሲወስዳት ነገሩ ረፍዶ ነበር። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገራቸው። እሷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ «ያ ለልጆቹ መርፌ የመጣለት ነው?»

«አዎ፣ እሱን ለመከላከል ነው» አላት ሐኪሙ።

አውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤታቸው ድረስ ትንፍሽ አላለችም። ባሏ እንደዚያ ዝም ብላ አይቷት አያውቅም፤ ከበሽታው ይልቅ ዝምታዋ አስፈራው። በራቸውን ከፍተው ሲገቡ፣ «ለሰው ሁሉ ጨጓራ ነው በል» አለችው። «ለእናቴም ቢሆን። ያወራሁት እኔ ነኝ፤ ስነሳ የማፈርሰውም እኔው ነኝ።»

ባለ ዳቦዋ ልትጠይቃት በመጣች ቁጥር ሬዲዮ ትራሷ ላይ ቀና ትልና «ስሚኝማ» ትላለች። ባልየው በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ የወዳጇን ፀጉር ታይና «ይሄን ደግሞ ማን ነው እንዲህ የጨፈጨፈው?» ትላለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ወዳጇ ስትሄድ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «ነገ እነግራታለሁ» ትላለች፣ «ዛሬ ደከመኝ።» በመጨረሻ ነገም አለቀባት።

«ጨጓራን መናቅ አይገባም» ትላለች አሁን መስኮቱ ሥር የተቀመጠች ሴት። «የሚያቃጥል ነገር አታብዢ ስንላት አልሰማችም።»

«ኧረ ብስጭት ነው» ትላለች ሌላዋ። «ብስጭት ነው የሚያነሳው።»

መምህርቷ ስትወጣ ባልየው ሊሸኛት ተከተላት። የውጭው በር ጋ ሲደርሱ «እኔ ነገ በጠዋት አመጣታለሁ» አላት። «ማንም ሳያይ።»

መምህርቷ አመሰገነችው። ልትሄድ ብላ ደግሞ ቆመች። «የሌሎቹስ ነገር?» አለች። «መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ግማሹ ክፍል ባዶ ሆኖ ነው የዋለው። ምን ሰምተው እንደፈሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።»

እሱ ያውቃል። እሷ ከሄደችም በኋላ የበሩን እጀታ ይዞ ቆመ። ዝም ቢል ልጁ ትከተባለች፤ የሚስቱም ስም እንደተወደደ ይኖራል። የባለ ዳቦዋ ታናሿ ልጅ ደግሞ በሚስቱ ቃል ቤት ትቀራለች። ሁለቱ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ናቸው።

ተመልሶ ገባ። ፔርሙዙን ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ጨጓራ አልነበረም» አለ።

«ምኑ?» አለች ባለ ዳቦዋ።

«ሚስቴን የገደላት። መምህርቷ የጠራችው በሽታ ነው፤ የማህፀን በር ካንሰር። ያን ጊዜ ያወራችው ወሬ ልክ እንዳልሆነ ሐኪም ቤት ነው የገባት። ልትነግራችሁ ፈልጋ ነበር። ስነሳ እነግራቸዋለሁ ስትል... አልተነሳችም።»

አማቱ ቀስ ብለው ወደሱ ዞሩ። «እኔም?» አሉ። «የወለድኳት እኔም በጨጓራ ነው ያለቀስኩላት?»

«እርስዎም፣ እማማ። ይቅር ይበሉኝ።»

አማቱ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና በሩን ዘጉ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይባላል» አለች ባለ ዳቦዋ። «አንተ ግን የገዛ ሚስትህን፣ መልስ መስጠት በማትችልበት ሰዓት። ትልቋን ልጄን ያስቀረኋት እሷን አምኜ ነው እኮ። አሁን ምን ላድርጋት?»

«እኔ አላውቅም» አላት። «ነገ የሚያውቁት ይመጣሉ። እሷንም ይዘሻት ነይና ጠይቂያቸው።»

ቤቱ ከወትሮው ቀድሞ ባዶ ሆነ። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው እያስጠጋ ሳለ ሚስቱን ሁለተኛ የቀበራት መሰለው። ሰው ይወዳት የነበረው ለቃሏ ነው፤ እሱ ደግሞ ያንን ነው የወሰደባት። ከቀብሩም ዕለት ይልቅ አሁን ከፋው።

ልጁ መጥታ አጠገቡ ቆመች። «አባዬ፣ እማዬ ያልነገረቻቸው ፈርታ ነው?»

«አፍራ ነው» አላት። «ሰው ስለምትወድ ነው እንደዚያ ያፈረችው።»

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ይዞ ሲወጣ አማቱ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ጓዳ ከገቡ ጀምሮ አላናገሩትም፤ አሁንም አላናገሩትም። መንገዱን ሁሉ ከኋላ ከኋላ ተከተሏቸው።

ክፍሉ ውስጥ ዴስኮቹ ወደ ጥግ ተገፍተዋል። ልጃገረዶቹ ይጎነታተላሉ፤ አንዷ መርፌውን ገና ሳታየው ዓይኗን ጨፍናለች። ሰልፉ መጨረሻ ላይ ባለ ዳቦዋ ሁለቱንም ልጆቿን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ አብጧል። ባልየውን አየችው፤ ሰላም አላለችውም፤ ከሰልፉም አልወጣችም።

«የዚች ልጅ ወላጅ ማን ነው?» አለች ባለሙያዋ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ፈቅጃለሁ።»

መርፌው ገብቶ እስኪወጣ ልጅቷ ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች። ባለሙያዋ ጥጥ ስታቀብል ባልየው እጁን ዘረጋ፤ አማቱ ቀደሙት። ጥጡን ተቀብለው የልጅ ልጃቸው ክንድ ላይ በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ሌላ ልጅ መጥታ ተከተበች። ሌላም ተከተለች።

«እማማ፣ ይበቃል» አለቻቸው ባለሙያዋ። «ደሙ ቆሟል።»

እሳቸው ጥጡን አልለቀቁም።