ሦስቱ ጓጉንቸሮች

በር ጠባቂውን የእህቱ ባል የሰደበው የዛሬ ስድስት ዓመት፣ እህቱ በወለደች በአሥረኛው ቀን፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ነው። ቤቱ ሙሉ ሰው እያለ፣ «የኔ አማች ሥራው ምን መሰላችሁ? በር ላይ ቆሞ በር መምሰል!» አለ። ሰው ሳቀ። እህቱም አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ ይህንንም አልረሳላትም።

እርግጥ ነው፣ የተራራው ጫካ መንገድ በር ጠባቂ ነው። መንገዱ የተጠረገው ለእሳት አደጋ መኪና ቢሆንም፣ በእግር ተራራ የሚወጡ ሰዎች በበሩ ጎን እየሾለኩ ይሄዱበታል። የበሩ ሰንሰለት የሚያያዘው በሦስት ጓጉንቸር ነው፦ አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሳት አደጋው፣ አንዱ የውሃ ሠራተኞቹ። አንዱ ባንዱ ውስጥ ገብቶ ስለሚቆለፍ፣ ሁሉም የየራሱን ከፍቶ ያልፋል። ጓጉንቸሩን በሚቀጥለው ጓጉንቸር ውስጥ ማስገባት ረስቶ ሰንሰለቱን ከሰንሰለቱ የቆለፈ ግን ሌሎቹን ውጭ አስቀራቸው ማለት ነው።

ዛሬ ጠዋት የእሳት አደጋው መኪና ውጭ ቀረ። ሹፌሩ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያው የእህቱ ባል! ጭስ ታየ ተብሎ ሲበር መጥቶ፣ ጠባቂው እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ ተገተረ። ጭሱ ጉም ሆኖ ተገኘ እንጂ ጉድ ይፈላ ነበር። ሰንሰለቱን ጠርንፎ የያዘው ደግሞ የጠባቂው ጓጉንቸር ነው።

የጫካው ኃላፊ ተጠርቶ መጣ። «አውቀህ ዘግተህ ከሆነ ዛሬውኑ ዕቃህን ትሸክፋለህ» አለው።

ጠባቂው ግን ነገሩ ገብቶታል። ባለፈው እሁድ እህቱ ቤት ኮቱን ሚስማር ላይ ሰቅሎ ነበር፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ። አማቹ «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወጥቶ ቆየ። እጅ ለመታጠብ ይህን ያህል?

«ቁልፌን አስቀርጾብኛል፤ በሱ ከፍቶ እንዲህ የቆለፈው ራሱ ነው» አለ። «በቦታዬ የአጎቱን ልጅ ሊያስገባ ነው።»

«ኧረ በናትህ!» ሹፌሩ ሳቀ። «የራሴ ቁልፍ የት እንደገባ የማላውቅ ሰውዬ ያንተን ላስቀርጽ?»

በዚህ መሃል ተራራውን ዘወትር የምትወጣው ጡረተኛ መምህርት ከዘራዋን ይዛ ደረሰች። ነገሩን ሰማችና፣ «እንዴ! ትናንት አመሻሽ ላይ ስወርድ አንተው አልነበርክ የቆለፍከው? ሰላም ብልህ እንኳ አልሰማኸኝም። ዓይንህ ቁልቁል የእሳት አደጋው መኪና ላይ ተተክሎ፣ እጅህ ብቻውን ነበር የሚቆልፈው» አለችው።

መኪናው እውነትም ታች መታጠፊያው ላይ ቆሞ ነበር። ጠባቂውም አማቹን ያለ ሥራው ምን ያቆመዋል ብሎ አፍጥጦበት ነበር። እጁ ያን ጊዜ ምን ሲሠራ እንደነበር ቢያስብ፣ ቢያስብ አልመጣለትም።

«እውነቷን ነው?» አለ ኃላፊው። «ተሳስቻለሁ በለኝና በማስጠንቀቂያ ልለፍህ።»

ሹፌሩ ትከሻውን ያዝ አደረገው። «በል እንጂ አማቼ፣ ማንም ይሳሳታል። እኔ እንደሆንኩ ቅር አላለኝም።»

ቅር አላለኝም! እንዲህ አዝኖለት፣ ከዚያ በየእሁዱ ሊያወራው!

ጠባቂው ትከሻውን መነጨቀ። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ በሩ ብረት ላይ አስቀመጠና ቁልቁለቱን ተያያዘው።