ኤውቲማኮስ ቃል ያጣ ዕለት

በአቴና ሕግ ባሏን መፍታት የፈለገች ሴት ጽሑፏን ራሷ ይዛ ሹሙ ፊት መቅረብ አለባት። ወንዱ ሚስቱን ከቤት ማስወጣት ይበቃዋል፤ ሴቷ ግን ገበያውን አቋርጣ፣ ሰው ሁሉ እየተጠቋቆመባት ትሄዳለች። ሕጉን ያወጡት ወንዶች መሆናቸውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አያሻም።

ኒካሬቴ የፍቺ ጽሑፏ የተጫረበትን ሰም የተቀባ ሰሌዳ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ከወንድሟ ከዲዮክሌስ ጋር የሹሙ ደጅ ደረሰች። ባሏ ኤውቲማኮስ የንግግር መምህር ነው፤ ሊፈረድበት የደረሰን ሰው በአንደበቱ ያስፈታል ይባልለታል። ትንሿ ልጃቸው ስትሞት መቃብሯ ላይ የተናገረው ንግግር አገር አስለቅሷል። ኒካሬቴም ያን ቀን ሐዘኗን የሚካፈል ባል አለኝ ብላ ተጽናንታ ነበር። በወሩ ግን ግቢው ውስጥ አንድ ተማሪ ያንኑ ንግግር ቃል በቃል ሲለማመድ ሰማች። ኤውቲማኮስ ደግሞ "እዚህ ጋ ድምፅህን ሰበር አድርግ" ይለዋል። ከዚያ ወዲያ የሚላት ሁሉ አልዋጥ አላት።

"ያውልሽ አፈ ቅቤው መጣ" አላት ዲዮክሌስ። "ጆሮሽን ድፈኚ፤ ካዳመጥሽው አለቀልሽ።"

"ተወው፣ ልስማው" አለች።

እውነትም መስማት ፈልጋለች። ከልቡ የወጣ አንድ ቃል ብታገኝ ሰሌዳውን ሰባብራ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። አሁንም ትወደዋለች።

ኤውቲማኮስ ደረጃው ሥር ቆመ። ጠጉሩ ተንጨባሯል፤ ጫማ እንኳ አላደረገም። አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

"እባክህ ተናገር" አለችው።

"ምን ልበልሽ ኒካሬቴ? እኔ... መናገር አልችልም። ቃል የለኝም።"

ዓይኑ እንባ ሞላ። ኒካሬቴ አንድ ደረጃ ወደ እሱ ወረደች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ኤውቲማኮስ ችሎት የሚቀርብን ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስጠናው ይህንኑ ነበር፤ "መናገር አልችልም ብለህ ጀምር፤ ዳኞች አንደበት የሌለውን ያምናሉ።"

"ምነው?" አላት። "እውነቴን እኮ ነው!"

"ሊሆን ይችላል፣ የኔ ጌታ" አለችው። "እኔ በምን ልወቀው? ማወቂያውን አንተው ወሰድክብኝ።"

ፊቷን በመጎናጸፊያዋ ሸፈነችና እያለቀሰች ወደ ሹሙ ገባች።