የጋሼ ድገሚልኝ ደም

የሰፈሩ ሰው "ጋሼ ድገሚልኝ" ይላቸዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከመድኃኒት ቤታቸው ባንኮኒ ኋላ ቆመው፣ መድኃኒት የገዛን ሰው አወሳሰዱን በቃሉ ሳያስደግሙ ለቀው አያውቁም። "ስንት ፍሬ? በቀን ስንቴ? ከምግብ በፊት ነው በኋላ? በይ ድገሚልኝ!" ይላሉ። የቸኮለ ደንበኛ "ፈተና ነው እንዴ?" ብሎ ቢነጫነጭም፣ ሲያመው ተመልሶ የሚመጣው እሳቸው ጋ ነው።

ሴት ልጃቸውም በዚያው ሙያ ተመርቃ ከጎናቸው መሥራት ከጀመረች ስድስት ዓመቷ ነው። ካለፉት ሦስት ወራት ወዲህ ግን አንድ ቦታ ረግታ መቆም አቅቷታል። መጀመሪያ የሳል ሽሮፕ ከዓይን ጠብታ መሳቢያ ውስጥ አገኘች። "ቸኩሎ ነው" አለች። ከዚያ አባቷ አንዱን ቀልድ ለአንድ ደንበኛ በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ነገሩት። "ጨዋታ ወዳድ ነው" አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ካርቶን ያመላለሰላቸውን ሰውዬ "የማን ልጅ ነህ?" ብለው የጠየቁት ዕለት ግን የምትለው አጣች። ከዚያ ወዲህ አንድ ዓይኗ ደንበኛው ላይ፣ አንድ ዓይኗ የአባቷ እጅ ላይ ሆነ። እሳቸው የሰጡትን ሁሉ "እስቲ ላሽገው" እያለች ትቀበልና ታያለች። ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረችው እውነት የሚሆን መሰላት።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የመጣ ዕቃ ልትረከብ ወደ ጓዳ ገባች። ብትቆይ አሥር ደቂቃ ነው። ስትመለስ አባቷ ደስ ብሏቸው እጃቸውን ያፋትጋሉ።

"እትዬ ልብስ ሰፊዋ መጥታ ነበር። ለመገጣጠሚያዋ አዲስ መድኃኒት ታዞላት። በየቀኑ ስድስት ፍሬ፣ ጠዋት ጠዋት። ሁለት ጊዜ አስደገምኳት፣ አንድ አልሳተችም!"

ልጅቷ ማዘዣውን አንስታ አየች። በደንብ ተጽፏል፤ በሳምንት አንድ ቀን ይላል። ያ መድኃኒት በየቀኑ ከተወሰደ መቅኒ ያደርቃል፣ ሰው ይገድላል። ይህን ያስተማሯት ደግሞ ራሳቸው አባቷ ናቸው።

ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች መንገዱን አቋርጣ ሮጠች። አንድ ታክሲ ጡሩምባውን አስጮኸባት፤ ዞር ብላም አላየች። ልብስ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ዚፕ ትተክላለች።

"እትዬ! መድኃኒቱን እንዴት ነው የምትወስጂው?"

"አንቺም እንደ አባትሽ ሆንሽ?" ብላ ሳቀች ልብስ ሰፊዋ። "በየቀኑ፣ ስድስት ፍሬ፣ ከቁርስ በኋላ። ጎበዝ ተማሪ አይደለሁም? የዛሬውን እዚሁ ዋጥኩት።"

 ልጅቷ ክምር ጨርቅ ላይ ቁጭ አለች። የዛሬው ልክ ነው፣ የሚቀጥለው የዛሬ ሳምንት ነው ብላ አስረዳቻት። ፓኬቱ ላይ "ማክሰኞ ብቻ" ብላ በትልቁ ጻፈችበት። ሳታስበውም "ድገሚልኝ" አለቻት። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም።

"አባትሽ ደህና ናቸው?" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ባለፈው ሳምንት 'እናትሽ እንዴት ናት?' አሉኝ። እናቴን እኮ ከቀበርናት ዓመት አለፋት። ሬሳዋን ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ደህና ናት አልኳቸው። ምን ልበል?"

ልጅቷ ስትመለስ ማዘዣውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችላቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። "እኔ ነኝ በየቀኑ ያልኩት? እሷ ናት የተሳሳተችው!" ከዚያ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። ደግመው አነበቡት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ዋጠችው?"

"የዛሬውን ብቻ። ምንም አትሆንም።"

ልጅቷ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትላቸው፣ "እሺ፣ ደሜን ይዩት። ጥያቄ ግን እንዳይጠይቁኝ" አሉ። "ደም አያፍርም።"

ሐኪሟ ግን ሁለቱንም አደረገች። ቀጭን፣ የማትቸኩል ሴት ናት። አምስት ቃላት ነግራቸው ቆይታ መልሱልኝ አለች፤ ሁለቱን መለሱ። ሰዓት ሳሉ ስትላቸው ቁጥሮቹን ሁሉ አንድ ጎን አጨቋቸው። ከኋላ የተቀመጠችው ልጅ ቃላቱን በሆዷ ስትቆጥር አራተኛው ጠፋባት። 

"ምን ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" አለች ሐኪሟ።

"የስኳር ብቻ።"

"የጨጓራውስ አባዬ?"

"እሱማ መድኃኒት ነው እንዴ? ከራሴ መደርደሪያ የማነሳት ናት።"

"ከጀመሩት ስንት ዓመት ሆነዎት?"

"አሥር... አሥራ አንድ።"

"ሐኪም ሳያይዎት?"

ሰፈሩን ሁሉ "ሳይታዘዝ አትዋጡ" ብለው ሲቆጡ የኖሩት ሰውዬ አንገታቸውን ደፉ። ሐኪሟ ሁለቱ መድኃኒቶች ለረጅም ዓመት አብረው ሲወሰዱ ሰውነት ቢ አሥራ ሁለት የተባለውን ቫይታሚን እንደሚያጣ፣ የእሱ እጥረትም ማስታወስን እንደሚያደክም ልትነግራቸው ጀመረች።

"ለቀባሪው አረዱት" አሉ በዝግታ። "ይህንን ለሰው የምነግረው እኔ ነበርኩ።"

ከዚያ ሐኪሟ ወደ ልጅቷ ዞረች። "ደም ብቻውን ዳኛ አይሆንም፤ ምስክር ነው። መጀመሪያ የሚጠገን ነገር እንፈልግበታለን፦ ቫይታሚን፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ጨው፣ ኩላሊት። ሌላም አዲስ ምርመራ አለ። በመርሳት ሕመም ጊዜ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀም ፕሮቲን አለ፤ የእሱን ርዝራዥ ደም ውስጥ ይፈልጋል። ናሙናው ሩቅ ስለሚላክ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። የመጣውንም ከዛሬው ፈተናና ቤት ካያችሁት ጋር አስተያይተን ነው የምናነበው።"

ደሙ ተቀዳ። የመጀመሪያው ውጤት በሁለተኛው ቀን መጣ፤ ቫይታሚኑ ከታች በታች ሆኖ ተገኘ። ልጅቷ ወረቀቱን ይዛ እንደ ሎተሪ ዕጣ ሳመችው። መርፌው ተጀመረ። እሷ ግን አላረፈችም። የተደረደረውን መድኃኒት አውርዳ እንደገና ትደረድራለች፣ ስልኳን በየአምስት ደቂቃው ታያለች፣ አምስት ቃላት ወረቀት ላይ ጽፋ ትደብቅና ራሷን ትፈትናለች። አንድ ቀን አንዱ ሲጠፋባት ሐኪሟ ጋ ደወለች።

"የኔንም ደም ይላኩልኝ። ያንኛውን ምርመራ።"

"ሥራ ላይ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ? ሰው ምን አለሽ?"

"ማንም ምንም አላለኝም። እኔ ነኝ የፈራሁት።"

"መቼ ነው ጥሩ እንቅልፍ የተኛሽው?"

ልጅቷ ቀኖቹን ወደ ኋላ በጣቷ ቆጠረች።

"ምልክት የሌለውን ሰው ደም ለዚህ ምርመራ አልልክም" አለች ሐኪሟ። "ጭንቀትሽን ነው የሚጨምርልሽ። መጀመሪያ ተኚ።"

ስልኩን ዘግታ ተናደደች። ከዚያ አለቀሰች። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘግታ ተኛች።

ሁለት ሳምንት የተባለው አምስት ሳምንት ፈጀ። በመሐሉ አባቷ ነቃ አሉ። እግራቸውን እንደ ጉንዳን ይወርራቸው የነበረው መደንዘዝ ቀነሰላቸው፣ አረማመዳቸው ጸና፣ ካርቶን አመላላሹንም በስሙ ጠሩት። ልጅቷ "በቃ፣ ቫይታሚኑ ነበር" ማለት ጀመረች። ውጤቱ ደረሰ ተብሎ ሲደወልላትም ባልሄድ ምን አለ ብላ አሰበች። አባቷ ናቸው ጃኬታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው የጠበቋት።

ሐኪሟ ነገሩን አላድበሰበሰችም። "ቤትዎ ሁለት እንግዳ ገብቶ ነበር" አለቻቸው። "አንዱን በመርፌ አስወጣነው። ፕሮቲኑ ግን ከፍ ብሏል፤ ያኛው እንግዳ፣ የመርሳት ሕመሙ፣ አለ ማለት ነው። በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ደሙ አይነግረንም።"

ልጅቷ የወንበሩን ክንድ ጨመቀች። "መርፌውን ብንጨምረውስ? ተሽሎት የለም እንዴ!"

"ተሽሎኛል" አሉ አባቷ። "የተሻለኝማ ይህን ለመስማት ነው።" ወደ ሐኪሟ ዞሩ። "ባንኮኒ ላይ ልቆም እችላለሁ?"

"እርስዎ ምን ይላሉ?"

"ያቺን ልብስ ሰፊ ልገድላት ነበር። አልቆምም።"

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ብቻቸውን ሄደው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ምን እንደተባባሉ ልጅቷ አልሰማችም። ከሱቁ መስኮት ስታይ ግን ልብስ ሰፊዋ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ እጃቸውን ይዛ ቆማለች።

በሦስተኛው ቀን አባትና ልጅ የእሳቸውን የሙያ ፈቃድ ሊመልሱ ወደ ጤና ቢሮ ሄዱ። ተሰልፈው ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል "ምክንያት?" አለ። ልጅቷ "ጡረታ" ልትል አፏን ከፈተች።

"መርሳት ጀምሬያለሁ" አሉ አባቷ ጥርት ባለ ድምፅ። "እንደዚያ ብለህ ጻፍ።"

ጸሐፊው ቀና ብሎ አያቸውና ከወንበሩ ብድግ ብሎ ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበላቸው።

ሲመለሱ መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ማዕዘን ደረሱ። አባቷ ቆሙ። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ። ልጅቷ እንደ ልማዷ ክንዳቸውን ልትጎትት እጇ ተዘረጋ፤ ግን ሰበሰበችው።  ሰው እየገፋቸው ያልፋል።

"በየት ነው ልጄ?" አሉ፣ ሳይሸፋፍኑ፣ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው።

"በቀኝ ነው አባዬ።"

"እንግዲያው በቀኝ" አሉና ቀድመው ተሻገሩ።