ፊት አይጣልም

«የፊልጶስ መልክ ጠፋኝ» አለች እማዬ አንድ ቀን ጠዋት ቁርሷን እየበላች። መነጽሯን የት እንዳስቀመጠች የረሳች ነበር የምትመስለው። ከዚያ ማንኪያዋን አስቀመጠችና አለቀሰች።

ፊልጶስ ታናሽ ወንድሟ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በአሰሳው ሰሞን፣ ከቤት እንደወጣ ቀረ። ሬሳው አልተገኘም፣ ለቅሶም አልተቀመጡለትም። የቀረችን አንዲት ፎቶ ናት፤ እሷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ እሱ ከኋላዋ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎ። ፊቱ ያለበት ቦታ ግን ቀዳዳ ነው። አሳሾቹ በፎቶ እያመሳከሩ ሰው ይይዙ ስለነበር ራሷ እማዬ ናት የቆረጠችው። ቆርጣም አቃጠለችው ብለን ነው ሁላችንም የምናምነው።

እማዬ የመርሳት በሽታ ከያዛት ቆይቷል። የሰው ስም ስትረሳ፣ ምድጃ ለኩሳ ስትተው ለምጄዋለሁ። የወንድሟን መልክ ማጣቷ ግን እሷንም እኔንም ጎዳን። ልብሷን ልታለብሳት ከቱይስዞርግ፣ ከቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅቱ፣ የምትመጣውን ልጅ ሳይቀር «ወንድሜን አይተሽዋል?» እያለች በአማርኛ ትጠይቃለች። እኔን ደግሞ በየቀኑ «አሳዪኝ» ትለኛለች። ምኑን ላሳያት? ፎቶውን ስሰጣት ቀዳዳውን ታይና «ማነው እንዲህ ያደረገው? እጁ ይቆረጥ!» ትላለች። የምትራገመው ራሷን መሆኑን እያወቅኩ ፎቶውን ተቀብዬ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የምንኖረው ሆላንድ፣ ዴንሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ የሚባል ሰፈር ነው። እኔ ሮተርዳም እየተመላለስኩ አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ እሠራለሁ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ እማዬ ደህና በነበረችበት ጊዜ «ሉሊት፣ አንቺ ስትወለጂም ባቡር እንዳያመልጥሽ እየሮጥሽ ነው» ትለኝ ነበር። ያችን ያለችኝን ትዕግሥት የሚጨርሰው ደግሞ አንገቷ ላይ ያለው ክታብ ነው። በቆዳ የተሰፋ፣ ከላብ ብዛት የጠቆረ። ደብተራ ለዓይነ ጥላ የጻፈላት ነው ይባላል በቤታችን። ሆስፒታል የጭንቅላቷን ምስል በማሽን ሊያነሱ ሲሉ ነርሷ «ከአንገትሽ ያለውን አውልቂ» ብትላት ብድግ ብላ ወጥታ ሄደች። እኔም «ለአንድ ብጣሽ ብራና ብለሽ!» እያልኩ እስከ ትራም ፌርማታው ተከተልኳት።

ከበራችን ትይዩ አጋ ሁሽንግ ይኖራሉ («አጋ» በአገራቸው «አቶ» እንደማለት ነው)፤ ሰማንያ ያለፋቸው የቴህራን ሰው ናቸው። እማዬ እሳቸው ቤት ሻይ መጠጣት ትወዳለች። እሷ በአማርኛ፣ እሳቸው በፋርሲ ያወራሉ፤ አንዱ የሌላውን አይሰማም፤ ግን ተግባብተው ነው የሚለያዩት። ሰሞኑን የአገራቸው ልጆች አምስተርዳም ላይ የድሮ የኢራን ፎቶዎችን ለሕዝብ ሊያሳዩ ነውና፣ አልበማቸውን በቢሮዬ ስካነር እንዳነሳላቸው በሆላንድኛ ለመኑኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አልበሙን ልወስድ እማዬን ይዤ ቤታቸው ገባሁ።

እማዬ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። አጋ ሁሽንግ አልበሙን ጭናቸው ላይ ገለጡት።

መጀመሪያ ላይ ወንዶች ብቻ ናቸው፤ ረጃጅም ቆብ አድርገው፣ ጉልበታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ የአትክልት ቦታ በተሳለበት መጋረጃ ፊት የተቀመጡ።

«ሴቶቹስ?» አልኩ።

«ያኔ የሴት ፎቶ ከቤት አይወጣም። ባዳ ያየዋላ!» አሉ።

ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ የፈረንጅ ባርኔጣ ያደረገች ሴት አለች። በሁለት እጇ ባርኔጣውን ወደ ታች ትጎትታለች። «አያቴ ናት፣ የእናቴ እናት» አሉ። «ንጉሡ የሴቶችን መሸፈኛ በአዋጅ ያስወለቁ ጊዜ የተነሳችው ነው። ባሏ ባርኔጣ ገዝቶ በግድ ወደ ፎቶ ቤት ወሰዳት። ራቁቷን የወጣች ነበር የመሰላት። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌሎች መጥተው የልጅ ልጆቿን በግድ ሸፈኑ። የእኛ አገር ታሪክ በሴት ራስ ላይ ነው የተጻፈው።»

ሌላ ገጽ ገለጡ። ባሕር ዳርቻ፤ ወጣቶች፤ አጭር ቀሚስ፤ ሳቅ። መካከል ላይ የቆመችው ልጅ ፊት የላትም። ፊቷ ያለበት ቦታ ቀዳዳ ነው።

አልበሙን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«እህቴ ማህናዝ» አሉ። «ከአብዮቱ በኋላ ፈታሾች በየቤቱ ሲገቡ እናቴ ቆረጠቻት። ልጅቷን ግን መንገድ ላይ ያዟት። አልተመለሰችም።»

ቤቴ ሄጄ የእኛን ፎቶ አመጣሁላቸውና የቆረጠችው እማዬ መሆኗን ነገርኳቸው። ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና የቀዳዳውን ዙሪያ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«እናትሽ ቸኩላ አይደለም የቆረጠችው» አሉ። «የቸኮለ ሰው ይቀድዳል። ይሄ በመቀስ ተዙሮ፣ ጆሮው ሳይነካ የወጣ ነው። እንዲህ የሚቆርጥ ሰው ሊያስቀምጠው ነው። ፊት አይጣልም፣ ልጄ።»

ወደ ባርኔጣዋ ሴት ተመለሱ። ፎቶዋን ከአልበሙ ሳብ ሲያደርጉት ከኋላው አንዲት ትንሽ የልጃገረድ ፊት መዳፋቸው ላይ ወደቀች። ትስቃለች።

«እናቴ ከሞተች በኋላ ነው ያገኘኋት። በየቀኑ ይሄን ፎቶ እየዳበሰች ስታለቅስ አይ ነበር፤ ለእናቷ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።» ፊቷን መልሰው ከፎቶው ኋላ አስገቧት። ከዚያ ቀና ብለው «የአንቺስ እናት በየቀኑ እጇን የምታሳርፈው የት ነው?» አሉኝ።

ዞር ብዬ አየኋት። እማዬ ውጭ ውጭውን እያየች ክታቧን በአውራ ጣቷ ታሻለች።

ቤት እንደገባን መቀስ ማምጣት ነበር ያማረኝ። ራሴን ያዝኩና እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ ይሄን ክታብ የጻፈልሽ የትኛው ደብተራ ነው?»

«የምን ደብተራ?» ተቆጣች። «እኔው ነኝ የሰፋሁት! አሳሾቹ ፍራሽ ይቀድዳሉ፣ ዱቄት ይደፋሉ፤ ክታብ ግን አይፈቱም። ‹እግዚአብሔር የለም› ይበሉ እንጂ ይፈሩታል።»

«ምን አስገባሽበት?»

እጇ ቆመ። ከዚያ ክሩን ቀስ ብላ በራሷ ላይ አወጣችው። አንገቷን ባዶውን ሳይ የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር።

«ፍቺው» አለችኝ።

ስፌቱን ተረተርኩ። ከቆዳው ሥር ጨርቅ፣ ከጨርቁ ውስጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ክብ ወረቀት። ወደ መብራቱ ወሰድኳት። ምንም የላትም። የዕድሜ ልክ ላቧ ምስሉን በልቶታል። ዓይን የለም፣ አፍ የለም፣ ቡናማ እድፍ ብቻ። ገለበጥኳት፤ ያው ናት። ምነው ከነጭራሹ ባላነሳሁባት ኖሮ አልኩ። ጣል አድርጌ «ባዶ ነው» ልላት ሁሉ አሰብኩ።

እጇን ዘረጋች። ምን አደርጋለሁ፣ ሰጠኋት።

ወረቀቷን ራቅ አደረገቻት፣ ቀረብ አደረገቻት።

«ይኸው!» አለች። «ይኸው ፊልጶስ! እስቲ እዪው፣ ጢሙ እኮ ገና አላቆጠቆጠም። ልጅ ነበር ሉሊት፣ ልጅ ነበር እኮ!» ሳመችው፤ እንባዋ ወረቀቷ ላይ እንዳይንጠባጠብ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «አየሽው?»

«አየሁት፣ እማዬ» አልኩ። «አንቺን ይመስላል።»

«ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚሉት» አለችኝ።