የፒዬራ ልጅ በግድግዳው ላይ

ቴሳ ለቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ የተዘጋጀውን የእመቤታችንና የሕፃኑን ትልቅ የወረቀት ንድፍ መስመር መስመሩን በመርፌ ወግታ ልትጨርስ የቀራት የሕፃኑ አገጭ ብቻ ነበር። ሥዕሉን በገንዘባቸው የሚያሠሩት ጌታ የላኩት አዛዥ እያቃሰተ መሰላሉን ወጣና ሌላ ወረቀት ዘረጋላት።

"ፊቱ ይቀየራል" አለ። "ሕፃኑ ክርስቶስ የጌታዬን ልጅ ይምሰል ተብሏል። ይኸው፣ ተስሎ መጥቷል።"

ጉንጩ የተነፋ፣ የወርቅ ሐብል ያጠለቀ ሕፃን ነው። የቴሳ ንድፍ ላይ ያለው ግን የልብስ አጣቢዋ የፒዬራ ልጅ፣ ቤኖ ነው። አባቷ፣ ሠዓሊው ማስትሮ ኒኮሎ፣ እናትና ልጅን መስኮት ሥር አስቀምጦ በከሰል የነደፋቸው በጾሙ ወራት ነበር፤ ሕፃኑ የእናቱን አውራ ጣት ጨብጦ አልለቅም ብሎ። ለፋሲካ አልደረሰም፤ ትኩሳት ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ፒዬራ ልብስ ልታደርስ በመጣች ቁጥር ንድፉ ፊት ትቆማለች። ዛሬ ግድግዳው ላይ እንደሚወጣ ሰምታ፣ ከጠዋት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች።

"እሺ" አለ አባቷ መሬት መሬት እያየ። "ቴሳ፣ አዲሱን ውጊ። ቀለሙ የሚይዘው ልስኑ ሳይደርቅ ነው፤ ቶሎ በይ።"

"አልወጋም።"

"ምን አልሽ?"

"ሰማኸኝ አባባ። እመቤታችን በበረት የወለደች ድሃ ናት። ይሄ ባለ ሐብል የማን ልጅ ነው?"

አዛዡ ሳቀ። "ጌታው ሥራውን ለሌላ ሲሰጡ፣ የዚህችን ምላስ ቀቅላችሁ ትበላላችሁ።"

"ልጄ፣ ድሃ ምን አፍ አለው?" አለ አባቷ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ፒዬራም ብትሆን ትረሳዋለች።"

"አንተ እናቴን ረሳሃት?"

ቴሳ አገጩን ወግታ ጨረሰች። ንድፉን እርጥቡ ልስን ላይ ለጥፋ፣ የከሰል ዱቄት የያዘውን ከረጢት አነሳችና ዱቄቱ እንዲያልፍ ቀዳዳዎቹን መታ መታ አደረገቻቸው።

"ተይ!" አለ አዛዡ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ወረቀቱን ስታነሳው፣ አውራ ጣት የጨበጠው ሕፃን በጥቁር ነጠብጣብ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። አዛዡ ለጌታው ሊናገር እየተሳደበ ወረደ።

"ልስኑን ያስፍቁታል" አለ አባቷ።

"ያስፍቁት። ወረቀቱ በእጄ ነው፤ መልሼ አትመዋለሁ።"

ማስትሮ ኒኮሎ ነጠብጣቦቹን ትንሽ አያቸው። ከዚያ ብሩሹን አነሳና ወደ በሩ ጎንበስ አለ።

"ፒዬራ፣ እስቲ መሰላሉን ወደዚህ ውጪ። የልጅሽ ዓይን ቀለሙ ምን ነበር?"