እሑድ ለተወለደች ሴት የሚሆን ፒክአፕ

የፕራኖም አሮጌ ፒክአፕ የሞተው ከሮይ ኤት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ሩዝ ማሳዎች መሀል ነው፤ ያውም ስልሳ ኪሎ አምባዛ ከነነፍሱ ጭኖ። አንዴ አስነጠሰ፣ አንዴ አቃሰተ፣ ከኮፈኑ ሥር ጭሱን ለቀቀና ዝም አለ። አምባዛዎቹ ግን ዝም አላሉም። በርሜሉ ሲንጋደድ አንዱ ዘሎ ወረደ፣ ሌሎቹ ተከተሉት፣ ከዚያ በክንፋቸው እየዳሁ አስፋልቱን ተሻገሩ። የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ሳንግዋን ይህን ሲያወራ፣ ዓሦቹ መጀመሪያ ግራና ቀኝ አይተዋል ይላል። አንዲት እናት አምባዛ ልጆቿን ቆጥራ እስክትጨርስ ድረስ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ጠብቋታል ብሎም ይምላል። ፕራኖም አውቶቡስ አላየችም። ያየችው ስልሳ ኪሎ ዓሣዋ የሰው ማሳ ገብቶ ሲጠፋ ነው።

ያ ቀን ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን ነበር። በረቡዑም ገበያ ሳትወጣ ቀረች። የገበያው ደንብ ደግሞ አጭር ነው፦ ሦስት የገበያ ቀን ተከታትሎ የቀረ ሰው ቦታው ለተራ ጠባቂ ይሰጣል። የፕራኖም ቦታ ከቤተ መቅደሱ በር አጠገብ ነው። ሲሚንቶውን ባሏ በገዛ እጁ አፍስሶ፣ ሳይደርቅ ሊያስተካክለው ብሎ የቀኝ እግሩን አሻራ ጥሎበት ቀርቷል። ያኔ ቀኑን ሙሉ ስቃበት ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ያቺን የእግር ቅርጽ ጠዋት ጠዋት አጥባ ነው ሥራ የምትጀምረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበት ቦታ ነው። በመጪው ቅዳሜም ከቀረች ሌላ ሰው ይቆምበታል።

መኪና እንዳትዋስ ወቅቱ አጨዳ ነው፤ በአካባቢው ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ሩዝ ተሸክሟል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት ሳንግዋንን ከሞተር ሳይክሏ ኋላ አስቀምጣ ወደ ዊቺት አሮጌ መኪና መሸጫ ግቢ ሄደች። ሳንግዋን ስድስት አምባዛ ያለበት ሳፋ አቅፏል።

“ሰው መኪና ሊገዛ ሲሄድ መካኒክ ይዞ ነው የሚሄደው፤ እኛ ዓሣ ይዘን?” አላት፤ ውሃው ሸሚዙ ላይ እየፈሰሰ።

“መኪና ሻጭ ይዋሻል። አንተም ትዋሻለህ። አምባዛ አይዋሽም።”

ይህን ያለችው ለቀልድ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዓሣ ከኋላዋ ጭና ስትነዳ አንድ ነገር ተምራለች። አምባዛ የመኪናውን ሕመም ከሰው ቀድሞ በሆዱ ይሰማዋል። ሻንሲው ከተጣመመ ወይም ሞተሩ ካንኳኳ ዓሦቹ አንድ ጥግ ላይ ተከምረው ግድግዳውን ይቧጥጣሉ። መኪናው ጤነኛ ከሆነ ሳፋው ወለል ላይ፣ ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ ሰው፣ ዝም ብለው ይተኛሉ።

ዊቺት ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ፀጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ፣ ምላሱ ማር የሚያንጠባጥብ ሰው ነው። ስለ ዋጋም ስለ ሞተርም ከመናገሩ በፊት አንድ ነገር ጠየቃት።

“እትዬ፣ የተወለዱት ምን ቀን ነው?”

“እሑድ።”

“ይኸውልዎ! ጠዋት ስነሣ ዛሬ አንዲት የእሑድ ሰው ትመጣለች ብዬ ነበር። አረንጓዴ አለኝ።”

እሑድ ለተወለደ ሰው አረንጓዴ ገዱ ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ደመኛው። ይህን በሮይ ኤት የማያውቅ ሕፃን የለም። የሞተው ፒክአፕም አረንጓዴ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግሏታል።

አዲሱ አረንጓዴ ከሩቅ ያብረቀርቃል። ፕራኖም ቀረብ ብላ መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ትኩስ ነው።

“በጠዋቱ ማን ነድቶት ነው?”

“ኧረ ማንም! ፀሐይ ነው እትዬ።”

ፀሐይዋ ገና ከሁመሩ ዛፍ ጀርባ ነበረች። ሳንግዋን አንገቱን ወደ ጋቢናው አስገብቶ ጣሪያውን አየ። መነኮሳት አዲስ መኪና ሲባርኩ በነጭ ቀለም የሚያሳርፉት ነጠብጣብ፣ አንዱ በሌላው ላይ፣ ሦስት ቦታ አለ።

“ይሄ ሦስት ጊዜ ተባርኳል” አለ።

“አዎ፣ እጅግ የተባረከ መኪና ነው!”

“ሦስት ጊዜ ከተባረከማ ሁለቴ አልያዘለትም ማለት ነው።”

ፕራኖም ሳቋን ዋጠችው። ሁሉንም ሰምታለች፣ ሁሉንም አይታለች። ግን መኪናው አረንጓዴ ነው፣ ያምራል፣ ቅዳሜ ደግሞ ደርሷል። የቸኮለ ልብ ያየውን አላየሁም ለማለት ሰበብ አያጣም። “እስቲ እንሞክረው” አለች።

ገና ከግቢው ሳይወጡ ዓሦቹ ሳፋው ጥግ ላይ ተከመሩ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ አንዱ ዘሎ ሳንግዋን ጭን ላይ ወደቀ፤ ሳንግዋን እንደሚለው ከሆነ ጆሮው ጋ ተጠግቶ “አውርዱኝ” ብሎታል። የሎተስ ኩሬው ጋ ሲደርሱ መኪናው ራሱ ቆመ። አስነጠሰ፣ አቃሰተ። ፕራኖም ድምፁን አወቀችው፤ የሞተው ፒክአፕ ድምፅ ነው። መሪውን ለቀቀችና ስልኳን አወጣች።

ተደወለለትና ዊቺት ራሱ መጣ። የመጣው እስከ መስኮቱ ጭቃ በተለበጠ፣ አንድ መብራቱ በሽቦ በታሰረ፣ አሮጌ ሰማያዊ ፒክአፕ ነው። ከኋላው መንጠቆ ላይ ብዙ አገልግሎ የሳሳ ገመድ ተንጠልጥሏል። እንደ ለመደ ሰው አረንጓዴውን አሰረው። ሳንግዋን የሚጎተተውን መሪ ያዘ፤ ፕራኖም ሳፋዋን ይዛ ሰማያዊው ላይ ከኋላ ወጣች።

መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ነው። ከኋላ ሳንግዋን “ቀስ በል! ሬሳ ነው የምትጎትተው!” እያለ ይጮኻል። ፕራኖም ግን ሳፋውን ትኩር ብላ ታያለች። ዓሦቹ አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ፣ ሆዳቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ፣ ጢማቸውን ዘረጉና ተኙ። እጇን ውሃው ውስጥ ከተተች፤ ውሃው ራሱ አይርገበገብም። ሌላ መኪና ከነሰው እየጎተተ ነው እንግዲህ! ያኔ ነገሩ ገባት። እዚያ ግቢ ውስጥ ካሉት መኪናዎች ሁሉ፣ ሻጩ ራሱ የሚያምነው አንዱን ብቻ ነው።

ግቢው ሲደርሱ ከላይ ሳትወርድ “ይሄን ነው የምፈልገው” አለች።

ዊቺት ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ። “ይሄማ የኔ ነው፣ አይሸጥም። ደግሞስ ሰማያዊ አይደለም እንዴ! እትዬ፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ የእርስዎ ደም በኔ እጅ ነው።”

ለሌላ ሰው ተራ ወሬ ሊመስል ይችላል፤ ፕራኖም ግን ሰማያዊን ታውቀዋለች። ሰማያዊ መረብ በገዛችበት ዓመት ጎርፍ ኩሬዋን ጠራርጎ ሄደ። ባሏን የቀበረችው ከጎረቤት ሰማያዊ ጃንጥላ በተዋሰች በሳምንቱ ነው። ጃንጥላው ገደለው አትልም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ዝናብ መመታት ይሻላታል።

“በል ሳንግዋን፣ እንሂድ” አለች ድምፅዋ ወርዶ። ሳፋው እንዲቀልላት ግማሹን ውሃ በመኪናው የኋላ መዝጊያ ላይ ደፋችው።

ጭቃው ከውሃው ጋር ተንሸራቶ ወረደ፣ ከሥሩም ነጭ ፊደላት ብቅ አሉ። ሳንግዋን በጣቱ እየተከተለ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ፣ ጮክ ብሎ አነበበ።

“ይህ መኪና አረንጓዴ ነው።”

ሰው ቀለሙ የማይስማማውን መኪና ሲወድና ማስቀባቱ ሲከብደው፣ እንዲህ ያለ ስቲከር ይለጥፍበታል፤ ክፉ ዕጣ ጽሑፉን አንብቦ ያልፋል እንጂ ቀለም አይመረምርም። ሰማያዊ ፒክአፕን አረንጓዴ ነው ብሎ የሚለጥፍ ደግሞ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው።

ፕራኖም ወረደች። “አንተ ልጅ፣ የተወለድከው ምን ቀን ነው?”

ዊቺት ፀጉሩን ዳበሰ። “እ... እሑድ።”

“ይሄን ስንት ዓመት ነዳኸው?”

“አሥራ አንድ።”

“ተጎትቶ ያውቃል?”

“ይሄ? ተጎትቶ?” ኩራቱ ቀደመው። “እትዬ፣ ይሄ መኪና ገመድ ሌላ ጫፍ እንዳለው እንኳ አያውቅም!” ካለ በኋላ ምን እንደ ተናገረ ገባውና ምላሱን ነከሰ።

“ባለፈው ዓመት የቀበሌያችንን ቤተ መቅደስ ጎትቶ ወደ ዛፍ ጥላ ያስጠጋው ይሄ ነው ይባላል” አለ ሳንግዋን።

ፕራኖም አልሳቀችም። ስለ ቅዳሜው ነገረችው፤ ስለ ሲሚንቶውና ስለ እግሩ አሻራም ነገረችው። አልለመነችም። እንዲሁ እንደ ሆነው አድርጋ ነገረችው። ዊቺት ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። የቤተ መቅደሱን በር ያውቀዋል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የተጠበሰ አምባዛ ከተጣባቂ ሩዝ ጋር የሚበላው እዚያ ነበር።

“እሺ፣ የኔን መኪናዎች ማን ይጎትትልኝ?” አለ በመጨረሻ፣ እንደ ተበደለ ልጅ።

“እኔ። ስትጠራኝ እመጣለሁ።”

“በማንኛውም ጊዜ?”

“በማንኛውም ጊዜ።”

በዋጋው ተከራከሩ፤ ሁለቱም የተዘረፉ መስለው ጨረሱ። ስቲከሩን እሷ ራሷ በሳሙና አጥባ አጸዳችው።

ቅዳሜ ጠዋት ስልሳ ኪሎ አምባዛ ጭነው ወጡ። ዓሦቹ ተኝተዋል። ፕራኖም ከስንት ቀን በኋላ ትከሻዋ ዘና አለ፤ ሳንግዋንም ጎረቤት ጎረቤቱ ሲተኛ ስለሚያንኮራፋ አምባዛ ወሬ ጀምሮ ነበር። የሎተስ ኩሬው ጋ ሲደርሱ ግን አንድ ሰው መንገድ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን ያወናጭፋል። ዊቺት ነው። አጠገቡ አረንጓዴው መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ያጨሳል።

“ረቡዕ ለተወለደ ሰው ላደርሰው ስል...” ብሎ ጀመረ፣ ገና ሳይቆሙ።

“አላየነውም በይ እትዬ” አለ ሳንግዋን። “ፊትሽን ወደ ማሳው አዙሪ። እኔ እንቅልፍ ወስዶኛል።”

የገበያው ኃላፊ ቡንማ የመጡትን ሻጮች የሚመዘግብበትን ደብተር ሁለት ሰዓት ሲሆን ይዘጋል። ሩብ ጉዳይ ነው። ፕራኖም የፊቱን መንገድ አየች፣ የሰውዬውን እጅ አየች፣ በሆዷ ራሷን ረገመች። ፍሬኑን ያዘች።

“ቶሎ እሰር!” አለችው። “ግን ወደ ግቢህ አይደለም። ወደ ገበያ ነው የምትጎተተው።”

ገበያው ሲደርሱ ቡንማ ደብተሩን ይዞ ቦታዋ ላይ ቆሟል። ጎረቤቷ ዶሮ ሻጭ ዘንቢሏን አስጠግታ አንድ እግሯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋለች። ፕራኖም ክላክሱን ስትጫነው ዶሮዎቹ ሁሉ ተንጫጩ።

“መጣሁ ጋሽ ቡንማ!”

“ሊዘጋ ነበር እኮ። መኪናሽ ሞተ አልተባለም እንዴ? በየትኛው ነው የመጣሽው?”

“በአረንጓዴው።”

ቡንማ መጀመሪያ በገመድ የታሰረውን አረንጓዴ፣ ከውስጡም ላቡን የሚጠርገውን ዊቺትን አየ። ቀጥሎ ሰማያዊውን አየ። ዞሮ የኋላ መዝጊያውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበና ራሱን ነቀነቀ።

“አዎ፣ በአረንጓዴው” አለ፤ ጻፈም።

ፕራኖም ሳፋዋን አውርዳ ወደ ዶሮ ሻጯ ዞረች።

“እግርሽን አንሺልኝ እታለም” አለቻት ቀስ ብላ። “ባለቤቴ ቆሞበታል።”